አሥራ ሁለት ጊዜ ድንቅነሽ

«እማማ፣ ቁልፍዎን እኮ ትናንት ወስደዋል። ለአንድ ሰው ስንት ቤት ነው የሚሰጠው?»

ይህን ያለችው የጥቅሻ ቴክኖሎጂ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ሀይሚ ናት። ያለችውም ማር በተቀባ ድምፅ ነው፤ ሀይሚ ሰውን በጨዋ ቋንቋ ሌባ የማለት ተሰጥኦ ነበራት። ከካሜራው ፊት የቆሙት አሮጊት ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ መለስ አድርገው፣ «ትናንት? እኔ ትናንት ከቤቴም አልወጣሁ» አሉ። አብኔዘር ከካሜራው ጀርባ በሁለት ሰፋፊ ስክሪኖች መሐል ተቀምጦ ነበር፤ ድምፁን ሲሰማ እጁ ኪቦርዱ ላይ ደርቆ ቀረ። ቀና ቢል አክስቱ ናቸው፤ ወይዘሮ የሺመቤት። ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ነው። እሳቸውም አዩት። በስክሪኖቹ መሐል ባለችው ክፍተት ዐይን ለዐይን ተገጣጠሙ፤ አብኔዘርም የወደቀ እስክሪብቶ ሊፈልግ ጠረጴዛ ሥር ገባ። የወደቀ እስክሪብቶ ግን አልነበረም።

ቦታው ሃያ ሁለት አካባቢ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ የሠርግ አዳራሽ ነው። ሊፍቱ ላይ የተለጠፈው «ለጊዜው አይሠራም» የሚል ወረቀት ከመቆየቱ የተነሣ ቢጫ ሆኗል፤ አሮጊቶቹ ፎቁን በእግራቸው፣ በየደረጃው ስመ ሥላሴ እየጠሩ ነው የወጡት። አዳራሹን ለሦስት ቀን የተከራየው ጥቅሻ ቴክኖሎጂ ነው። ያለፈው እሑድ ሠርግ የፕላስቲክ አበባ ገና ከግድግዳው አልወረደም፤ የሙሽሮቹ ወርቅማ ሶፋም እንደነበረ አለ። ሶፋው እንዳይነሣ ያዘዘው የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ጸጋአብ ሲሆን ምክንያቱም ከሰዓት ለሚመጡት የክብር እንግዳ መቀመጫ ይሆናል ብሎ ነው። ከኦሎምፒያ ጀርባ ያለው ሰፈር ሰኞ ሊፈርስ ነው። ለነዋሪው ምትክ ቤት ተመድቦለታል፤ ዛሬ ዓርብ ደግሞ ቁልፍ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን ነው። ነዋሪው ካሜራ ፊት ይቆማል፤ ማሽኑ ፊቱን ከከተማው ምሥራቅ ሁሉ ከተሰበሰበ አርባ ሺህ ፎቶ ጋር ያመሳክራል፤ አረንጓዴ ከበራ በድምፅ ማጉያ ስሙ ይጠራና አዳራሹ ጫፍ ካለው ጠረጴዛ ቁልፉን ይቀበላል። ቀይ ከበራ ግን ወይ ሰፈሩ የማያውቀው ነው፣ ወይ ሁለተኛ ቤት ሊወስድ የመጣ አጭበርባሪ ነው። እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት አረንጓዴ ያልበራለት ሰው ቤቱ ለሌላ ይሰጥና ስሙ ወደ ተጠባባቂ ይዛወራል። ተጠባባቂ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አዲስ አበባ ውስጥ የሚጠይቅ የለም። ከካሜራው በላይ «በዜሮ ነጥብ ሁለት ሰከንድ! ማሽን ዘመድ የለውም!» የሚል ባነር ተሰቅሏል።

ማሽኑ ባይኖረውም አብኔዘር ዘመድ ነበረው። እናቱ ስትሞት ሰባት ዓመቱ ነበር፤ አክስቱ ወሰዱትና አሥራ ሰባት ዓመት አሳደጉት። ቤታቸው በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለች አንዲት የቀበሌ ክፍል ናት፤ ከመጋረጃው ወዲህ እሱና ደብተሩ፣ ከመጋረጃው ወዲያ እሳቸውና የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፉበት ሲንጀር። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ገርጂ ስቱዲዮ ተከራየ፤ ሲወጣም «ትንሽ ልደላደልና እወስድሻለሁ» አላቸው። መደላደል የሚባለው ነገር አምስት ዓመት ሆኖት ገና አልመጣም። ለመጨረሻ ጊዜ ቤታቸው የሄደው ከስምንት ወር በፊት ሲሆን ከቦሌ የገዛውን ኬክ ይዞ ነበር፤ አክስቱ ኬኩን ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጠው እሱ እስኪወጣ ድረስ አልከፈቱትም። ከዚያ ወዲህ በስልክ «ደህና ነሽ እቴቴ?» «ደህና ነኝ» ይባባላሉ፤ ከዚያ የሁለቱም ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፤ ከዚያ «በል ካርድህ እንዳያልቅ» ይሉና ይዘጉታል። ሰፈሩ እንደሚፈርስ አልነገሩትም። እሱም ስማቸውን በነዋሪው ዝርዝር ውስጥ፣ በራሱ ኮምፒውተር ላይ አይቶ ሲያበቃ አልደወለም። «በዜሮ ነጥብ ሁለት ሰከንድ ያልፋሉ፤ አያዩኝም እንኳ» ብሎ ነበር ለራሱ።

ዜሮ ነጥብ ሁለቷን ያመጣት እሱ ራሱ ነው። ጸጋአብ ለደንበኞቹ ሲያስረዳ «ነገሩ ቅርጫ ነው» ይላል፤ ምሳሌዋ የአብኔዘር ነበረች፤ ሥራ አስኪያጅ አፍ ከገባች በኋላ ግን ባለቤቷ ተለወጠ። መጀመሪያ ማሽኑ አንድን ፊት ለማመሳከር አራት ደቂቃ ይፈጅበት ነበር፤ አንድ ሰው ብቻውን በሬ አርዶ፣ ገፎ፣ ብልት አውጥቶ፣ መድቦ እንደሚጨርስ ማለት ነው። አብኔዘር ለጌም ተጫዋቾች ከሚሸጡት ትልልቅ ግራፊክስ ካርዶች አራቱን ከመገናኛ ሱቆች ገዛ፤ አራቱ ተደምረው የአንድ አሮጌ ቪትዝ መኪና ዋጋ ያወጣሉ። በየካርዱ ውስጥ በአንድ ላይ የሚሠሩ ሺህ ትንንሽ ሠራተኞች አሉ። ፊቱን አሥራ ስድስት መደብ አድርጎ አከፋፈላቸው፤ ግንባር ለአንዱ ቡድን፣ ግራ ዐይን ለሌላው፣ አገጭ ለሌላው፣ ሁሉም እኩል ቢላዋ ያነሣል። አራት ደቂቃው ወደ ዘጠኝ ሰከንድ ወረደ። ጸጋአብ ግን ፊቱን አጨማደደ፤ «የድርጅታችን ስም ጥቅሻ ነው፤ ዘጠኝ ሰከንድ ሙሉ የሚጠቅስ ሰው ካየህ እሱ ሕመምተኛ ነው» አለ። ስለዚህ አብኔዘር አንዲት ደንብ ጨመረ፤ ከአሥራ ስድስቱ አንዱ ቀድሞ «አገኘሁ!» ካለ ሌሎቹ ቢላዋቸውን ያስቀምጣሉ። በዚህች ደንብ ዘጠኙ ሰከንድ ዜሮ ነጥብ ሁለት ሆነ። የተሞከረውም በቢሮው ሠራተኞችና በጓደኞቻቸው ላይ ነው፤ ማለትም ግንባራቸው እንደ አዲስ አስፋልት በለሰለሰ የቦሌ ወጣቶች ላይ። አንድም ስህተት አልተገኘም፤ ጸጋአብም በማግስቱ ባነሩን አሳተመ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ቀይ የበራባቸው ሴቶች አሥራ አንድ ደረሱ። ለሁሉም የወጣው ጽሑፍ አንድ ነው፤ «ድንቅነሽ ዘለቀ፤ ቁልፍ ወስደዋል»። ድንቅነሽ ዘለቀ የተባሉት ሴት ትናንት በአዲሱ ካሜራ ተነሥተው ቁልፋቸውን ተቀብለው በሰላም ሄደዋል። አሥራ አንዱ ሴቶች ለሙሽራ ሚዜዎች በተሠራ ረጅም አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ መጀመሪያ አፍረው፣ ቀጥሎ ተቆጥተው፣ በመጨረሻም ሳቁ መጣባቸው።

«አንቺ ደግሞ ማን ተብለሽ ነው?»

«ድንቅነሽ።»

«እኔም ድንቅነሽ ነኝ። እንኳን ተገናኘን።»

«ቁልፉንስ የት አደረግነው በሉ?» አለች ሦስተኛዋ፤ አግዳሚው በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ያልሳቁት ወይዘሮ የሺመቤት ብቻ ናቸው፤ ዐይናቸው ከሁለቱ ስክሪኖች ላይ አልተነቀለም። አብኔዘር በትምህርት ቤት ሳለ የሰው ዘር ሁሉ ሙዚየም ካለችው ድንቅነሽ መጣ ሲባል ሰምቷል፤ ሰው ሁሉ ወደ አንዲት ድንቅነሽ ሲመለስ በዐይኑ ያየው ግን ያን ቀን ነው። ጸጋአብ በበኩሉ ደስታው ቅጥ አጥቶ በስልክ ለክብር እንግዳው፣ ቤቱን ለሚሰጠው መሥሪያ ቤት ዳይሬክተር፣ «ገና ግማሽ ቀን ሳይሞላ አሥራ አንድ አጭበርባሪ ያዝን፣ ክቡርነትዎ» ይላል። አሥራ አንድ አሮጊቶች ተመካክረው፣ አንድ ዓይነት ስም መርጠው፣ አራት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው ሊያጭበረብሩ መምጣታቸው ለጸጋአብ አልከበደውም።

አብኔዘር ፎቶዎቹን በአንድ ስክሪን ላይ ደረደራቸው። ማወቅ አንድ ደቂቃም አልፈጀበትም። አሥራ አንድ ግንባር፣ አሥራ አንድ የመስቀል ንቅሳት። ከገጠር ሕፃን ሆነው የመጡ ሴቶች ናቸው፤ እናቶቻቸው በመርፌና በጥላሸት የነቀሷቸው። ግንባር የደረሰው ቡድን መስቀሉን ሲያይ «አገኘሁ!» ብሎ ይጮኻል፤ ዐይን የደረሰው ዐይኑን ሳይገልጥ፣ አገጭ የደረሰው ሳይነካ ሁሉም ቢላዋውን ያስቀምጣል። የሴቶቹ የድሮ ፎቶ ደብዝዟል፤ መስቀሉ ጥርት ብሎ የሚታየው ትናንት በአዲሱ ካሜራ በተነሣው የድንቅነሽ ፎቶ ላይ ብቻ ነው። አክስቱን ያስከሰሰችው ደንብ እሱ የጨመራት ደንብ ናት። ይህን ሲያውቅ ሄዶ ጸጋአብን ከወጥ ቤቱ በር ላይ ያዘው።

«ማሽኑን ያሳተው የግንባራቸው መስቀል ነው፤ ደንቡን ላንሣው። ዘጠኝ ሰከንድ ይሆናል እንጂ አይሳሳትም።»

«ስምንት ሰዓት ላይ ዳይሬክተሩ ከነቴሌቪዥኑ ይመጣሉ» አለ ጸጋአብ። «ባነሩ ላይ ዜሮ ነጥብ ሁለት ነው የሚለው። ባነሩንም ልታነሣው ነው? ይህን ውል ካጣን፣ ብሮ፣ አንተም እኔም ነገ ስልክ ጠጋኝ ነን።»

የስቱዲዮው ኪራይ፣ ገርጂ፣ ማኪያቶው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ አብኔዘር ፊት መጡ። አሥራ አንዱ ሴቶች በዘጠኝ ዘጠኝ ሰከንድ ቢታዩ ተደምሮ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ይህን ሒሳብ በልቡ ሠርቶት ነበር፤ ከአፉ ግን አላወጣውም።

መፍትሔውን ያመጣችው ሀይሚ ናት። «ችግሩ ግንባራቸው ላይ ያለው ነገር ከሆነ ይሸፈናላ» አለችና ቦርሳዋን ከፍታ ፋውንዴሽን አወጣች። ጸጋአብ ግንባሯን ሊስማት ምንም አልቀረውም። መጀመሪያ የተቀባችው ሴት የሀይሚ መልክ ቀይ እሷ ደግሞ ጠይም በመሆኗ ግንባሯ እንደ ኖራ ነጣ፤ ስለዚህ ከቦሌ ሱቅ ሦስት ዓይነት ጠየም ጠየም ያለ ቀለም በሞተር አስመጡ፤ አንዷ ብልቃጥ አራት ሺህ ብር። የሙሽራ መኳኳያው መስታወት ባለበት ክፍል ሴቶቹ በተራ ገቡ። «ለልጄ ሠርግ ያልተኳልኩትን ለኮንዶሚኒየም ተኳልኩ» አለች አንዷ። ሌላዋ ግን አማትባ «መስቀሌን ሳይሆን ፊቴን ነው የምትሸፍኑት፣ እግዜር ያውቃል» ብላ ዐይኗን ጨፈነች። ማሽኑ የተቀባችውን ሲያይ ግንባር ያለው ቡድን የሚጮህበት አጣ፤ ዐይን የደረሰው ጮኸ፤ አረንጓዴ በራ፤ ድምፅ ማጉያውም የሴትዮዋን ስም ከነአባቷ ጠራ። ጸጋአብ አጨበጨበ።

ጭብጨባው አዳራሹ ጫፍ ሳይደርስ ከሸፈ። ቁልፍ የሚሰጡት አቶ ገብረዋሕድ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት የኖሩ ሰው ናቸው፤ በማሽንም በሰውም አያምኑም፣ የሚያምኑት በፋይል ነው። የሴትዮዋን የድሮ ቅጽ ገልጠው፣ መነጽራቸውን ወደ ታች አውርደው፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። «ልዩ ምልክት፣ ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት። የታለ መስቀሉ?» ብለው ሴትዮዋን አዩ። «ይህቺ ሌላ ሴት ናት።» ጸጋአብ ማሽኑ እንዳረጋገጣት ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ አቶ ገብረዋሕድም «ማሽኑ ይፈርምልኝና ቁልፉን ልስጥ» አሉት። ክርክሩ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ ሀይሚ ከካሜራው ወዲያ ሌላ ጠረጴዛ አስቀመጠችና እርጥብ ሶፍት ደረደረችበት። ከዚያ ወዲያ ሥራው መልክ ያዘ፤ ሴቶቹ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀባሉ፣ ካሜራው ያውቃቸዋል፣ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ይጠረጋሉ፣ አቶ ገብረዋሕድ ያውቋቸዋል። ከመቀባት እስከ መጠረግ ለአንዷ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ባነሩ ላይ ግን ዜሮ ነጥብ ሁለት ሰከንድ እንደተባለ ነው።

ወይዘሮ የሺመቤት አልቀባም አሉ። ሀይሚ ለመነቻቸው፤ እንደሚጠረግ፣ ለአንድ ደቂቃ ብቻ እንደሆነ ነገረቻቸው። «እናቴ በመርፌ የጻፈችውን አንቺ በስፖንጅ ልታጠፊው ነው?» አሏትና ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ሀይሚ ተስፋ ስትቆርጥ ጸጋአብ ወደ አብኔዘር ዞረ። «አንተ ረጋ ያልክ ልጅ ነህ፣ አሮጊት ይወድሃል፤ እስቲ አስረዳቸው።» ብልቃጧን እጁ ላይ አስቀመጠለት። አብኔዘር ከሦስት ሰዓት ጀምሮ የሸሸውን አግዳሚ ሊደርስ ሃያ እርምጃ ያህል ሄደ፤ ጸጋአብና ሀይሚ ከኋላው ናቸው። አክስቱ ፊት ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። በዕድሜው ሙሉ «አንቺ» ብሎ ያደገው ምላሱ የሚለው ጠፋው፤ ከዚያ የገዛ ጆሮው ሳያምነው፣ «እማማ፣ እርስዎ እንደሚያውቁት ዛሬ የመጨረሻ ቀን ነው» አለ።

ወይዘሮ የሺመቤት ቀና ብለው አዩት። እርስዎ የሚለውን ቃል እንደ መጥፎ እህል አፋቸው ውስጥ ያገላበጡት መሰለ። ቁጣ ቢመጣባቸው ይሻለው ነበር፤ አልመጣባቸውም።

«እርስዎ የማን ልጅ ነዎት?» አሉት።

ሀይሚ ሳቀች፤ አሮጊቷ የሚቀልዱ መስሏት። አብኔዘር ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ጸጋአብ ከኋላው ስለ ሰዓቱ ሲያጉረመርም ስለሰማው መልሶ ዘጋው። «ይቀቡና ይጨርሱ» ብቻ አለ፤ እሱም ለብልቃጧ እንጂ ለሰው የተነገረ አይመስልም። አክስቱም «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታው፤ ሳልቀባ ይቅርብኝ» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ተመልሶ ሲቀመጥ ብልቃጧን ጨብጦ እንደያዛት አላወቀም ነበር፤ መዳፉ በሙሉ የሰው ፊት ቀለም ሆኗል።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ዳይሬክተሩ አቶ ገረመው ደረሱ፤ አራት ፎቅ በእግራቸው ስለወጡ ንግግራቸውን ከመጀመራቸው በፊት የሙሽሮቹ ሶፋ ላይ አምስት ደቂቃ ተነፈሱ። የቴሌቪዥኑ ካሜራ ከጎናቸው ቆመ። የተቀቡት ሴቶች አንድ በአንድ አለፉ፤ ስማቸው ተጠራ፤ መጠረጊያው ጠረጴዛ ጋ ሲደርሱ ሀይሚ በሰውነቷ ከለለቻቸው። ሁሉ ነገር አምሮ ሳለ ዳይሬክተሩ በጣታቸው ወደ አግዳሚው አመለከቱ። «እኚያ እናት ለምን ብቻቸውን ቀሩ?» ጸጋአብ አንድ ሰከንድ አሰበ፤ ለእሱ ረጅም ጊዜ ነው። ከዚያ ማይክራፎኑን አነሣ። «ክቡር ዳይሬክተር፣ እስካሁን ያዩት ማሽናችን እውነተኛውን ነዋሪ እንዴት እንደሚያውቅ ነው። አሁን ደግሞ አጭበርባሪውን እንዴት እንደሚይዝ እናሳይዎታለን።» ከጠዋቱ አሥራ አንድ አጭበርባሪዎች የቀረችው አንዲት ብቻ ናት፤ ባዶ እጁን እንዳይቀር እሷን ያዘ።

ሀይሚ ወይዘሮ የሺመቤትን ክንዳቸውን ደግፋ አመጣቻቸው። ተራዬ ደረሰ ብለው ነው የመጡት፤ ነጠላቸውን መለስ አድርገው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ፎቶ ቤት እንደሚቆሙት ሆነው ቆሙ። የቴሌቪዥኑ ሰው ካሜራውን ፊታቸው ድረስ አስጠጋ። አብኔዘር ማታ የሚሆነውን አየ፤ እድርተኛው፣ ዩኒፎርም ያሰፋ የሰፈሩ ወላጅ ሁሉ፣ የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቻቸው፣ ሁሉም በዜና ሰዓት የሺመቤት ሁለት ቤት ሊወስዱ ሲሉ ሲያዙ ያያሉ። ሰኞ ደግሞ ግሬደሩ ይመጣል፤ ሲንጀሩ የት ይገባል? ይህን ያህል ዘመን የደነዘዘ ልቡ እንደ ተወቀረ ወፍጮ ነቃ። የጨመራት ደንብ በፕሮግራሙ ውስጥ አንዲት መስመር ናት፤ ከፊቷ አንዲት ምልክት ሲደረግላት ትተኛለች። ምልክቷን አደረጋት።

ማሽኑ ቆመ። ማለትም ሥራውን ጀመረ። ትልቁ ስክሪን ላይ የአክስቱ ፊት በአሥራ ስድስት ተከፈለ፤ የግንባራቸው መደብ ወዲያው «ድንቅነሽ» ብሎ ጮኸ፤ ሌሎቹ ግን ቢላዋቸውን አላስቀመጡም። አንድ ሰከንድ፣ ሁለት ሰከንድ። ጸጋአብ ፊቱ አመድ መሰለ። ሦስት፣ አራት። ግራ ዐይን፣ የሺመቤት። ቀኝ ዐይን፣ የሺመቤት።

«ምን ሆነ? ተበላሸ እንዴ?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«አልተበላሸም» አለ አብኔዘር፤ ድምፁ ራሱን አስደነገጠው። «እያያቸው ነው።»

አፍንጫ፣ የሺመቤት። አገጭ፣ የሺመቤት። በዘጠነኛው ሰከንድ አሥራ አምስት ለአንድ ሆነና አረንጓዴው በራ፤ ድምፅ ማጉያውም «ወይዘሮ የሺመቤት ተክለወልድ» ብሎ ጠራቸው። አቶ ገብረዋሕድ ከወዲያ ጫፍ ግንባራቸውን አይተው፣ ፋይሉን ገልጠው፣ «ይህቺ እንኳ እሷው ናት» ብለው ያለአንዳች ክርክር ቁልፉን አስቀመጡ።

አብኔዘር ከሥራ የሚባረርበትን ቃል ጠበቀ። ዳይሬክተሩ ግን ከሶፋው ተነሥተው ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቱን ልንገርህ ጸጋአብ፣ እኔ ፈጣን ነገር አላምንም። ያኛው ቅድም ጠቅ ጠቅ ሲያደርግ አይቶ ነው ወይስ ገምቶ ነው እያልኩ ነበር። ይሄኛው ግን ሲመረምር ይታያል። እንዲህ ነው እንጂ! ሁሉንም እንዲህ አድርጉት።» ጸጋአብ ዐይኑን እንኳ አላርገበገበም፤ «ጥልቅ ምርመራ ነው የምንለው፣ ክቡርነትዎ፤ እርስዎን ለማስደሰት ለመጨረሻ ያቆየነው ነው። ያልተገባ ጥርጣሬንም ያስወግዳል» አለና የአብኔዘርን ትከሻ መታ መታ አደረገ። አሥር አሮጊቶች ግማሽ ቀን ሙሉ የተቀቡትና የተጠረጉት ማንም ያልጠየቃትን ዜሮ ነጥብ ሁለት ለማዳን ነበር።

ዳይሬክተሩ ወደ አብኔዘር ዞሩ። «አንተ ነህ የሠራኸው? ጎበዝ። እኚህ እናት ዐይናቸውን አልነቀሉብህም፤ ዘመድህ ናቸው እንዴ?» አሉት እየሳቁ። የቴሌቪዥኑ ካሜራ ወደ እሱ ዞረ። ከራሱ በላይ «ማሽን ዘመድ የለውም» የሚለው ባነር ተሰቅሏል። አክስቴ ናቸው ቢል ለዘመዱ ብሎ ነው ሊሉ ነው፤ ቁልፋቸው ሊነጠቅ ነው፤ ለእሳቸው ሲባል ዝም ማለት ይሻላል። ፈሪ ሰው ምን ቢያጣ ጥሩ ምክንያት አያጣም።

«ኧረ አይደሉም» አለ አብኔዘር። «የሰፈር ሰው ናቸው።»

ሰዉ ሳቀ፤ ዳይሬክተሩም ሳቁ። ወይዘሮ የሺመቤት ቁልፋቸውን ከጠረጴዛው አንሥተው፣ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ አዳራሹን አቋርጠው ወጡ። አብኔዘር ለዳይሬክተሩ የካርዶቹን ዓይነት ሲያስረዳ አሥር ደቂቃ ያህል ቆየ፤ ከዚያ ሽንት ቤት ብሎ ሹልክ አለ። ደረጃውን በሩጫ ወረደ። አክስቱን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረሰባቸው፤ ብረቱን ይዘው አንድ እግራቸውን ካሳረፉ በኋላ ሌላውን እያወረዱ ነበር። ማንም በሌለበት ደረጃ ላይ ምላሱ ወደ ድሮው ተመለሰ።

«እቴቴ፣ ቆይ እንጂ። ነይ ልደግፍሽ። ታክሲ እጠራልሻለሁ፣ ቤት ድረስ አደርስሻለሁ።»

ወይዘሮ የሺመቤት ክንዳቸውን ቀስ ብለው ከእጁ አወጡ። አላለቀሱም፤ አልተቆጡም። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁና አዩት።

«አይድከሙ ጌታው» አሉት። «ያ ዕቃ እንኳ ስሜን ከነአባቴ ጠራኝ። እርስዎ ግን ‹የሰፈር ሰው ናቸው› አሉ። ሰፈሩም ሰኞ ይፈርሳል።»